ከኩንታል ወደ ሲኒ

ሠፈራችን ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ነው። ማታ ማታ የፋብሪካ ሠራተኞችን የጫነው ሰርቪስ ሲያራግፍ ከቤታችን ፊት ለፊት ያለችው ሱቅ ትሞላለች። በጥቅምት ውርጭ ሁሉም ነጠላውን፣ ጋቢውን፣ ፎጣውን አናቱ ላይ ጠቅልሎ ይሰለፋል። አንድ ማታ እኔም ስኳር ልገዛ ቆሜ ሳለሁ፣ ከፊቴ የነበረች ሃያ ዓመት ቢሆናት የማይበልጥ ልጅ ባዶ ሃይላንድ ለባለሱቁ አቀበለችው።

«ጋሼ፣ አንድ ሲኒ ዘይት። አንድ ሲኒ ምስር። የሃያ ብር በርበሬ። ሽንኩርት ሁለት ፍሬ።»

ባለሱቁ ጀሪካኑን አዘንብሎ በቡና ሲኒ ቀዳ። አንገቱ የተቆረጠ ሌላ ሃይላንድ ገልብጦ የልጅቷ ጠርሙስ አፍ ላይ ደቀነና ዘይቱን አንቆረቆረው። ከዚያ ሲኒዋን ደፍቶ ያዛት። የመጨረሻዋ ጠብታ በሲኒዋ ከንፈር ላይ ተንጠልጥላ እስክትወርድ ጠበቀ። ልጅቷም ጠበቀች። ከኋላ ያለነውም ጠበቅን፤ «ቶሎ በሉ» ያለ ሰው አልነበረም። ያቺ ጠብታ የእሷ መሆኗን ሁላችንም እናውቃለን።

ቤት ገብቼ ደብተር አወጣሁ። ሥራዬ ሒሳብ መያዝ ስለሆነ የማይገባኝን ነገር በቁጥር ካላየሁት አይለቀኝም። የራሴን የቡና ሲኒ በውኃ እየሞላሁ ሊትሩን ለካሁት፤ አሥራ ሦስት ሲኒ ገደማ ወጣው። ልጅቷ ለአንዷ ሲኒ የከፈለችውን አባዛሁ፣ እኔ ባለፈው ወር 5 ሊትር ከገዛሁበት ዋጋ ጋር አስተያየሁት። እኔ 5 ሊትር በገዛሁበት ብር እሷ የምታገኘው 4 ሊትር ነው። ባለሱቁን በሌብነት አልጠረጥረውም። ጀሪካኑ ሥር የሚቀር አለ፣ የቤት ኪራይ አለበት፣ በዱቤ ደብተሩ ላይ የሰፈረና ምናልባትም የማይመለስ ብር አለው። ግን አንዱ ሊትር ሄዷል። በሲኒ የሚገዛ ሰው ከሁላችን አስበልጦ ይከፍላል፣ ከሁላችንም ያነሰ ያገኛል።

ከዚያ ማታ ወዲህ ገበያ ስወጣ ዓይኔ መለኪያው ላይ ነው። ስለ ምግብ ገበያ ሲወራ ሁሌ ዋጋ ነው የሚነሳው፤ ጤፍ ይህን ያህል ገባ፣ ዘይት ይህን ያህል ሆነ። እውነት ነው፣ ዋጋው አቃጥሎናል። በ2014 ዓ.ም. አምስት ሊትር ዘይት ወደ 1,000 ብር ሲጠጋ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የአንድ ኩንታል ጤፍ ዋጋ 10,000 ብር ሲሻገር ያልደነገጠ ቤት የለም። ከዋጋው ጀርባ ግን ብዙም ያልተወራለት ሌላ ለውጥ አለ፤ የምንገዛበት መጠን ራሱ እያነሰ ሄዷል።

እማዬ የእነዋሪ ሰው ናት። እነዋሪ የሞረትና ጅሩ ከተማ ነው፤ ሰው በሰንጋው ያውቀዋል፣ እኛ ደግሞ በጥቁር አፈሩ፣ በጤፉና በስንዴው እናውቀዋለን። በልጅነቴ አስቤዛ የሚባል ቃል ቤታችን ውስጥ አልሰማሁም። ጣልያን ጥሎልን የሄደውን ይህን ቃል ያወቅሁት ከተማ ገብቼ ነው። እማዬ የምትለው «ቀለብ» ነበር። ቀለብ ደግሞ የዓመት ነው። ጥር ላይ አውድማው ተወቅቶ ሲያልቅ፣ ገበሬው ግብሩንና ዕዳውን ሊከፍል እህሉን ገበያ ሲያወጣ፣ ዋጋው ወደ ታች ይወርዳል። አባዬ አስተማሪ ስለነበር መሬት አልነበረንም፤ እኛም ሸማች ነን። ግን እማዬ ዓመቱን ሙሉ ከደመወዙ ላይ እየቆነጠረች ለጥር ታስቀምጥ ነበር።

ጤፍ ስትገዛ አብሬያት ቆሜያለሁ። ስልቻው አፍ ላይ ያለውን አታይም፤ እጇን እስከ ክርኗ አስገብታ ከሥሩ ትዘግናለች። መዳፏ ላይ ታሸዋለች፣ እፍ ትልበታለች፣ የቀረውን ወደ ብርሃን አዙራ ታየዋለች። ከዚያ ቆንጠር አድርጋ ጥርሷ መካከል ትከተዋለች። አሸዋ ካለው እዚያው ይንጫጫል። «ይሄ የአውድማው አፈር አለበት» ካለች ነጋዴው ይጨቃጨቃል እንጂ ሐሰት ነው አይላትም። ተስማምተው ቁናው ተሰፍሮ ሲያልቅ «መርቅልኝ እንጂ» ትለዋለች፤ እሱም ሁለት እፍኝ ይጨምርላታል። ምርቃት ነው። ሰጪውም ተቀባይዋም ደስ ብሏቸው ይለያዩ ነበር።

ያ ጤፍ ጎታ ይገባል። ሽምብራው ለሽሮ፣ በርበሬው በበጋው ፀሐይ ተሰጥቶ፣ ገብሱ ለበሶ፣ ለቆሎና ለጠላ። ነሐሴ ላይ ዝናቡ መንገዱን ጭቃ አድርጎ የእህል ዋጋ ሰማይ ሲወጣ እኛ የምንበላው የጥርን ጤፍ በጥር ዋጋ ነበር። እማዬ ሀብታም አልነበረችም። ሀብቷ ጎታው፣ ጓዳውና የሰባት ወር ትዕግሥቷ ነው።

ሱቋ ደጃፍ ያየኋት ልጅ ጎታ የምታቆምበት ቦታ የላትም። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር የምትኖርበት ክፍል ፍራሽና የከሰል ምድጃ ይዞ ሞልቷል። ደመወዟ ሲወጣ መጀመሪያ ኪራዩ ይቆረጣል፣ ቀጥሎ ለገጠር ቤተሰቧ ትልካለች፣ የቀረው በቀን በቀን ይሸነሸናል። በአገራችን ለግል ድርጅት ሠራተኛ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝ የለም፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ቢናገርም። «ለምን በጅምላ አትገዛም?» ብሎ የሚጠይቃት ሰው ካለ መጀመሪያ ክፍሏን ይይ።

ስለዚህ እንጀራዋም በፍሬ ነው። እንጀራ በፍሬ መሸጥ በእኛ ከተማ ትልቅ ንግድ ሆኗል። ከሱቋ ጎን ሁለት ሴቶች እንጀራ በመሶብና በፕላስቲክ ደርድረው ይቀመጣሉ፤ ሰርቪሱ ከማለፉ ይጨርሳሉ። ይህን በክፉ አላነሳውም። ወፍጮ ቤት ኩንታል ተሸክሜ ተሰልፌያለሁ፣ የኩበት ጭስ ዓይኔን እያነደደው ጋግሬያለሁ፣ ለጋገራ ቀን ከትምህርት ቤት ቀርቻለሁ። አንዲት የፋብሪካ ልጅ ከአሥር ሰዓት ሥራ በኋላ እርሾ ትጣል፣ ሊጥ ታቡካ የሚል ሰው ምጣድ ፊት ያልቆመ ነው። እንጀራ ሻጮቹም ቤታቸውን የሚያስተዳድሩት በዚሁ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ በፍሬ መግዛቷ አይደለም። ከጥር የእህል ዋጋና ከእሷ መካከል ስንት እጅ እንደገባ ነው፤ ደላላው፣ ጫኙ፣ ጅምላ ሻጩ፣ ቸርቻሪው፣ ጋጋሪዋ። ሁሉም ድርሻውን ሲያነሳ የሚከፍለው በመጨረሻ ላይ ያለው ሰው ነው።

ገብሱ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች የብርድና የገብስ አገር ናት። እማዬ ለበዓል ጠላ ስትጠምቅ ብቅሉን ራሷ ታበቅል ነበር፤ ገብሱን ነክራ፣ በቅጠል ሸፍና፣ ቡቃያው እንደ ነጭ ክር ብቅ ሲል ታደርቀዋለች። ዛሬ ከተማችን ዳሸንና ሐበሻ፣ ሁለት የቢራ ፋብሪካዎች አሏት፤ የቤልጂየሙ ቡርትማልትም የብቅል ፋብሪካውን የተከለው እዚሁ ነው። ለደጋው ገበሬ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ድሮ ገብስ የሚሸጠው ጤፍ ለመግዛት ነበር፤ ዛሬ የቢራ ገብስ የሚያመርት ሰው ገዢ አለው። ወዲህ ደግሞ ጠላ ቤቶቹ እየቀነሱ ነው። በር ላይ እንጨት ተክለው ጣሳ የሚሰቅሉ ቤቶችን ዛሬ ፈልጌ ነው የማገኛቸው። ጠላ በጣሳ፣ ጠጅ በብርሌ፣ አረቄ በመለኪያ እየተባለ እያንዳንዱ መጠጥ የራሱ ዕቃ ነበረው። የደብረ ብርሃን አረቄ ግን አሁንም በሃይላንድ ተሞልቶ በየአውቶቡሱ አገር ላገር ይዞራል።

ይህ ሃይላንድ የሚባል ዕቃ ለብቻው ሊጻፍለት ይገባ ነበር። መጀመሪያ የአንድ የታሸገ ውኃ ስም ነበር፤ ዛሬ የማንኛውም ፕላስቲክ ጠርሙስ ስም ነው። ዘይት፣ ወተት፣ ማር፣ ነጭ ጋዝ፣ ጠበል ሁሉ በእሱ ነው። ቁናው የለቀቀውን ቦታ የያዙት እሱና ፌስታል ናቸው። ፌስታልን በ2017 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ያጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ከልክሎታል። አዋጁን እደግፋለሁ፤ የከብቶቻችን ሆድና የቦዮቻችን አፍ በፌስታል ተደፍኗልና። ነገር ግን የሃያ ብር በርበሬ በምን እንደሚቋጠር የሚያስብ ሰው ያስፈልጋል። ትልቅ ሸማች ዘንቢል ይይዛል፤ የሲኒ ሸማች ዕቃ ያለ ፌስታል ቤት አይደርስም።

በትንሽ መለካት በራሱ ነውር እንዳልሆነ ደብረ ሲና ስደርስ ሁሌ ትዝ ይለኛል። ጣልያን የፈለፈለውን የጣርማ በር ዋሻ አልፎ መኪናው ቁልቁል ሲጠመዘዝ ብርዱ ከትከሻ ላይ ይወርዳል፤ ደብረ ሲና ላይ ልጆች በየመስኮቱ ቆሎ ያቀርባሉ። ያ ቆሎ በእፍኝ ልክ ነው የሚያምረው። ከዚያ ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ማሾ ነው። ከላይ ገብስ፣ ባቄላና በግ፣ ከታች አትክልትና ፍራፍሬ። የአገራችን ገበያ የተሠራው በዚህ መውጣትና መውረድ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአንኮበር ሥር፣ አልዩ አምባ ላይ ዓርብ ዓርብ ይቆም የነበረው ገበያም እንዲሁ ነበር፤ የሐረር ነጋዴ ጨርቅና ቡና፣ የአፋር ግመል ጨው ይዞ ከቆላ ይወጣል፣ ደጋው እህሉን ይዞ ይወርዳል። ለትልቁ ዕቃ የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር፣ ለዝርዝሩ አሞሌ ጨው ይከፈል ነበር። የድሃው ገንዘብ የሚበላ ነገር ነበር ማለት ነው።

ገበያው በዚህ መንገድ ላይ የቆመ ስለሆነ መንገዱ ሲታመም ሲኒዋ ቀድማ ትታመማለች። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትንና ደብረ ሲናን ሲያዳርስ እኛ ጋ ሽንኩርት ከጉሊት ጠፋ። ከዚያም በኋላ ባሉት ዓመታት መንገድ በተዘጋ ቁጥር ያየሁት አንድ ነው። ጓዳው ኩንታል ያለው ሰው ሳምንት፣ ወር ይታገሳል። በሲኒ የሚገዛው በማግስቱ ሱቅ ደጃፍ ቆሞ «የለም» የሚል ቃል ይሰማል፤ ቢኖርም በትናንቱ ዋጋ አይደለም።

ስለ ሱፐርማርኬቶቹ ብዙ የምለው የለኝም። ደብረ ብርሃንም አሏት፤ መደርደሪያቸው ያምራል፣ ዋጋቸው ተለጥፏል፣ ክርክር የለም፣ በቴሌብር ትከፍላለህ። የኛ ሰው ግን አብዛኛውን የሚገዛው አሁንም ከሱቅ፣ ከጉሊትና ከቅዳሜ ገበያ ነው። አንድ ነገር ግን እዚያ ውስጥ አይቼ ልቤን ነክቶኛል።

በ2017 ዓ.ም. ለፋሲካ እማዬ እኔ ጋ መጥታ ነበር። ለልጆቹ የዱቄት ወተት ልትገዛ ፈለገችና አብረን ገባን። እማዬ ፊደልና ቁጥር የቆጠረችው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ በማንበቧ ትኮራለች። ቆርቆሮውን ገልብጣ መነጽሯን አስተካከለችና ቀኑን አነበበች። «2025። ደኅና ነው፣ ገና ስምንት ዓመት ይቀረዋል» አለችኝ። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሁለት ወር ነበር የቀረው።

ስነግራት ዝም አለች። ቆርቆሮውን ወደ ጆሮዋ አስጠግታ ነቀነቀችው፣ ክዳኑን በአውራ ጣቷ ተጫነችው፣ አሸተተችው። እጇን እስከ ክርኗ ጤፍ ውስጥ የምትከት ሴት፣ ቅቤ ከእጇ ጀርባ ላይ ቀብታ የሸኖ ይሁን የሌላ የምትለይ ሴት፣ ቆርቆሮ ይዛ ቆመች። «ምኑን አይቼ ልግዛው ታዲያ?» አለችኝ። መልሼ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት።

ማሸግ ጥቅም አለው። ሙዝ የተቀላቀለበት ቅቤ፣ ሸክላ የተፈጨበት በርበሬ በየከተማው ተይዟል፤ እንዲህ ባለ ዘመን የሚታወቅ አምራች ስምና አድራሻ ቢያንስ የሚጠየቅ ሰው ይሰጠናል። ነገር ግን እናቶቻችን በእጃቸው፣ በአፍንጫቸውና በጥርሳቸው የያዙት ዕውቀት በፕላስቲክ በኩል አያልፍም። በእሱ ፋንታ የተሰጣቸው ቁጥር ደግሞ በሌላ አገር ዘመን የተጻፈ ነው። በኢትዮጵያ ገበያ የሚሸጥ ምግብ ላይ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር አብሮ ማተም ምን ያህል ቀለም ይፈጃል? ይህን አምራችም አስመጪም ሊያደርገው የሚችል ቀላል ነገር ነው፤ ለብዙ እናቶች ግን የጤና ጉዳይ ነው።

መንግሥት ዝም አላለም። የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማህበራት ስኳርና ዘይት ያከፋፍላሉ፤ በየከተማው የእሁድ ገበያ ተከፍቶ ገበሬውና ሸማቹ እንዲገናኙ ተሞክሯል። ለውጭ ባለሀብት ዝግ ሆኖ የኖረው የጅምላና የችርቻሮ ንግድም በ2016 ዓ.ም. በመመሪያ ተከፍቷል። ትልልቆቹ መደብሮች ሲመጡ ዋጋ ይወርዳል የሚሉ አሉ። ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ትልቅ መደብር የሚያረክሰው በብዛት ለሚገዛ ሰው ነው። ሲኒ ይዛ ለምትመጣ ልጅ ዱቤ አይሰጣትም፣ «ደመወዝ ሲወጣ» ብትለው አይሰማትም። የሸማቾች ማህበሩም ቢሆን ዘይቱ የሚመጣበት ቀን አይታወቅም፣ ሲመጣም ተራው በሥራ ሰዓት ነው፤ እሷ ደግሞ በዚያ ሰዓት ማሽን ፊት ናት።

መፍትሔውን ያመጡት አከራያችን እትዬ ናቸው። ግቢያችን ውስጥ አራት ተከራይ ነን። ከፋሲካ ማግሥት የቅርጫው ሥጋ ተከፋፍሎ፣ መደቡ ተነስቶ፣ ደሙ እየታጠበ ሳለ፣ እኔ የዘይቱን ሒሳብ እያነሳሁ ስነጫነጭ ሰሙኝ። «በሬ ቅርጫ ትገቡ የለም እንዴ?» አሉ። «ዘይቱንስ ማን ከለከላችሁ?»

ከዚያ ወዲህ በየወሩ ደመወዝ በወጣ በሳምንቱ አንድ 20 ሊትር ጀሪካንና አንድ ኩንታል ጤፍ እንገዛለን። ጤፉን የምታመጣልን እማዬ ናት፤ እነዋሪ ላይ እጇን ስልቻው ውስጥ ከትታ መርጣ በመኪና ትልክልናለች። ሱቋ ደጃፍ ያየኋት ልጅም ከጓደኞቿ ጋር እንደ አምስተኛ ቤት ሆና ገብታለች። መጀመሪያ ላይ ተጨቃጭቀናል። ከኩንታሉ ሥር የሚቀረው ብናኝ ለማን ይድረስ በሚል ሁለት ሰዎች ለሳምንት ተኳርፈዋል። አሁን እንደ ሥጋው ዕጣ እንጥላለን፤ ሃያ ሃያ ኪሎ ተመዝኖ ከተደረደረ በኋላ ልጆች ዓይናቸውን ጨፍነው እንጨት ያስቀምጡበታል። ዘይቱ አራት አራት ሊትር ነው። በእኔ ደብተር ላይ፣ ከሲኒ ዋጋ ጋር ሲተያይ፣ እያንዳንዱ ቤት በወሩ አንድ ሊትር ያህል ተርፎታል።

በዚህ ወር ልጅቷ አልገባችም። እናቷ ታማባት ያላትን በሙሉ ልካ ነው። ትናንት ማታ ሱቅ ደጃፍ ሃይላንዷን ይዛ ተራ ስትጠብቅ አየኋትና እጇን ይዤ ወደ ግቢ መለስኳት። ጀሪካኑን ስንከፍል የእሷን አራት ሊትር ለይተን እኔ ጓዳ አስቀምጠነው ነበር፤ እትዬ ናቸው «ድርሻዋ ነው፣ ዱቤ ጻፉላት» ያሉት። ስሟን ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፣ ከጎኑም «ኅዳር ደመወዝ» ብዬ አሰፈርኩ። ዘይቱን ስትቀበለኝ ጀሪካኑን ወደ ብርሃን አንስታ ልኩን አየችው፤ ከዚያ ክዳኑን አጥብቃ ዘግታ በነጠላዋ ሸፍና ወሰደችው።